ለልቅሶ ያልደረሰ ምንሽር

ላሊበላ ተመድቤ በጋዜጠኝነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ጠመንጃ ጠጋኝ ነበር። የሥራ ፈቃዱ «የጦር መሣሪያ ጥገናና ሽያጭ» ይላል፤ ሽያጩ ግን ይህን ያህል አልነበረም። አንዱ አሮጌ ምንሽሩን ሸጦ በሬ መግዛት ሲፈልግ፣ ሌላው ለልጁ ጠመንጃ ሊያወርሰው ሲያስብ፣ እሱ መሐል ገብቶ ያስማማል። የሚያኖረው ጥገናው ነው። ሙያውን የተማረው በደርግ ጊዜ፣ ወታደር ሳለ ነው። ሠራዊቱ ሲበተን እንደ ሌላው በእግሩ አገሩ ገባ፤ ይዞት የመጣው ነገር ቢኖር የእጁ ሙያ ነበር።

ለጥገና የመጡት ጠመንጃዎች ቤቱ ውስጥ በወይራ ኩላብ ላይ ተሰቅለው ይውላሉ። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። አንድ ገበሬ ጠመንጃውን ትቶ ሄደ ማለት ከጠመንጃው ተለየ ማለት አይደለም። ሠርግ ቢደርስበት፣ የወሰን ጠብ ቢነሣ፣ ሽምግልና ቢጠራ፣ መጥቶ ከኩላቡ ያወርደዋል። ሞላው ወልቆ ይሁን ሰደፉ ተሰንጥቆ ግድ የለውም። አንግቦት ውሎ በበነጋታው ይመልሰዋል። በላስታ ጠመንጃ ከሚተኮስበት ቀን ይልቅ የሚታይበት ቀን ይበዛል። ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ የባለቤቱ ልቅሶ ነው። ወንድ ሲሞት ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ መሬት ተዘቅዝቆ በአልቃሹ መሐል ይዞራል፤ አስለቃሿም እሱን እያየች ትገጥማለች።

መመሪያው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የወጣበት ምክንያት ቀልድ አልነበረም። በሌላ ወረዳ ከአንድ ጠጋኝ ቤት የተሰረቀ ክላሽ ደም በተቃቡ ሰዎች እጅ ገብቶ ሰው ገድሏል ተብሎ ነበር። ስለዚህ ለጥገናም ሆነ ለሽያጭ የተረከበ ሰው መሣሪያውን በብረት ሳጥን ያስቀምጥ፣ ሳጥኑ ሁለት ጓጉንቸር ይኑረው፣ የአንዱን ቁልፍ ጠጋኙ፣ የሌላውን የወረዳው የጸጥታ ኃላፊ ይያዝ፣ ሁለቱ ባልተገኙበት አይከፈት ተባለ። ይህን የተላለፈ ፈቃዱ ይነጠቃል፣ ይከሰሳልም። እኔም የመሣሪያ አያያዝ ሥርዓት ሊይዝ ነው ብዬ ዜና ሠራሁ። ዜናው ትክክል ነበር። ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ።

ጎረቤቴ ሳጥኑን ወልድያ አስበይዶ በአይሱዙ አስመጣ። በበሩ አልገባ ቢለው መቃኑን አፍርሶ አስገባው። ኃላፊው መጥቶ አየለት፣ አመሰገነው፣ የራሱን ጓጉንቸር ቆልፎበት ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

ለጥቂት ሳምንታት ችግር አልነበረም። ሰዉ ቅዳሜ ለገበያ ሲወጣ ኃላፊውም ከተማ ውስጥ ስለሚገኝ፣ ይጠሩታል፣ ይመጣል፣ ይከፍታሉ። ሰውዬው ክፉ አልነበረም፤ ሲጠራ አይደበቅም።

በዐቢይ ጾም አንድ ማለዳ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ሁለት ሰዎች ወረዱ። አንዱ ቄስ ናቸው፤ ሌላው የወንድማቸው ልጅ ነው። የልጁ አባት፣ የቄሱ ወንድም፣ ሌሊቱን አርፏል። ምንሽሩ የቃታው ሞላ ተሰብሮ ጎረቤቴ ሳጥን ውስጥ ነው። ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ኃላፊው ከነቁልፉ ወልድያ ስብሰባ ሄዷል።

ጎረቤቴ ይህን ሲነግራቸው ቄሱ ሳጥኑን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉት።

«እዚህ ውስጥ ነው?»

«አዎ መምሬ።»

«የወንድሜ ነው?»

«የእርሳቸው ነው።»

«እንግዲህ ክፈተዋ።»

«የእኔን ቁልፍ እከፍታለሁ መምሬ፤ አንደኛው ግን እኔ ዘንድ የለም።»

ቄሱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መዶሻ አዩ። ልጁም አየው። እኔም አየሁት። ጓጉንቸሩ የገበያ ጓጉንቸር ነው፤ ጎረቤቴ ቢፈልግ ከአንድ ምት አያልፍም ነበር። እሱ ብቻ መዶሻውን አላየም።

ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄደን ወልድያ አስደወልን። ከብዙ ጥበቃ በኋላ ኃላፊውን ከስብሰባው ጠርተው አመጡት። ድምፁ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው።

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው! ምን ላድርግ? በስልክ አልክልህ ነገር!»

«ጌታዬ፣ ሬሳው በዘጠኝ ሰዓት ይወጣል።»

«ነፍስ ይማር። በጣም አዝናለሁ። ግን እንዳትሰብረው። ብትሰብረው ከሳሽህ እኔ ነኝ፤ ሳልወድ እከስሃለሁ። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።»

«ከነገ ወዲያማ ተቀብረዋል።»

«መመሪያው ላይ ስለ ልቅሶ የተጻፈ ነገር የለም፣ ወንድሜ። እኔ አልጻፍሁት።»

ስልኩ ተዘጋ። በሩ ላይ የቆመው ሚሊሺያ ሁሉንም ሰምቶ ኖሮ ክላሹን ከትከሻው አወረደና ለልጁ ዘረጋለት።

«ይችን ይዛችሁ ሂዱና ማታ መልሱልኝ። እኔ እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድ።»

ከልቡ ነበር። ቄሱ ፈገግ አሉ፤ በዚያ ቀን ፈገግ ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥህ ልጄ። የመንግሥት ክላሽ ይዘን የመንግሥት ልቅሶ እናልቅስ? ወንድሜ ምንሽር ነበረው።»

ወደ ጠጋኙ ቤት ተመለስን። ልጁ በር ላይ ቆመና ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «ጋሼ፣ አባቴ እርስዎ ዘንድ ያኖረው እኮ በፈለገው ጊዜ ይወስዳል ብሎ ነው» አለ። ክስ አልነበረም፤ የሚያውቀውን መናገሩ ነው። ጎረቤቴ ለአፍታ መዶሻው ወዳለበት ዞረ። ከዚያ ከጠረጴዛው በላይ ካለው ሚስማር የምንሽሩን ማንገቻ አወረደ። ቆዳው ደርቆበት ቅባት ሊያጠጣው ለብቻው ፈትቶ ያስቀመጠው ነው። መመሪያው ስለ ማንገቻ አያነሣም። በሁለት እጁ ይዞ ለቄሱ ሰጠ። ቄሱ ተቀብለው ለልጁ አስተላለፉት። ማንም አላመሰገነም፣ ማንም አልተቆጣም።

ጎረቤቴ ቀብር መሄድ ነበረበት፤ ቢቀር የበለጠ ይወራበታል። አብሬው ወጣሁ። ዳገቱን ስንወጣ፣ «ሰብሬው ቢሆንስ?» አለኝ አንዴ። የማውቀውን ነገርሁት፤ ፈቃዱን እንደሚያጣ፣ ምናልባትም እንደሚታሰር። «እሱን እኔም አውቃለሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ልቅሶው ላይ ልጁ ማንገቻውን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራ ጎኑ አጥልቆ ዞረ። የሚንጠለጠልበት ነገር ስለሌለ ቆዳው ሲራመድ ይወዛወዛል። ከሩቅ መንደር የመጡት መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ጠመንጃው ተሸጦ ነው ወይ ብለው ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። ለአንድ ገበሬ ከዚህ የከፋ ሐሜት የለም። አስለቃሿ ግን ታሪኩን ማን እንደነገራት አላውቅም፣ ደረቷን እየመታች ወደ መሐል ገባችና፣

«አንተ ተፈትተህ ከዚህ ዓለም ጣጣ፣
ጠመንጃህ ታስሮ ዋስ የሚሆን አጣ»

አለች። ሰዉ ተቀበላት። ሙሾው ሁለቴ ሦስቴ ዞረ። ሐሜቱ ከሟቹ ላይ ተነሣ፤ ጠጋኙ ላይ ግን ዐረፈ። ሰዉ ሁሉ ቀና ብሎ ወደ እሱ ሲያይ እሱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እንደ ለበሰ መሬት መሬት ያያል። ያቺ ሴት ስሙን አልጠራችም፤ መጥራትም አላስፈለጋትም።

ኃላፊው እንዳለው መጣ። በዚያው ቀን ልጁም ወረደ። ሳጥኑ ተከፈተ፤ ምንሽሩ ወጣ። ጎረቤቴ ሞላውን በእጁ ይዞ ነበር።

«ተቀመጥ፣ አሁኑኑ ላስገባልህ። ብዙ አይቆይም።»

«ይቅር ጋሼ።»

«ሳይተኩስ ምን ያደርግልሃል?»

«ቤት ይሁን» አለ ልጁ። ማንገቻውን ራሱ አሰረው፣ ሁለታችንንም እጅ ነሥቶ ወጣ። ኃላፊው ፊርማ እንዲፈርም ሊጠራው ፈልጎ ተወው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰዎች አንድ በአንድ መጡ። አንዱ ሚስቱ ታማለች አለ፣ አንዱ ወንድሙ ከመተማ ሊመጣ ነው አለ፣ አንዱ ምክንያትም አልሰጠ። ኃላፊው ቀኑን ሙሉ ቁልፉን እንደያዘ እዚያው ዋለ። ግራ ገብቶት ነበር። «አሁን እኮ ነው ዕቃቸው የማይሰረቀው» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁሉም ያልተጠገነ ጠመንጃቸውን ይዘው ሄዱ።

ጉዳዩን ጽፌ ላክሁ። የመመሪያው አፈጻጸም የታየበት ክፍል ወጣ፤ የልቅሶው ነገር ባህል ገጽ ላይ ሌላ ጊዜ ይታያል ተብሎ ተቆረጠ። አልተከራከርሁም። በዚያን ጊዜ ምን እንደሚቆረጥ ሳልጽፍ አውቀው ነበር፤ ማወቁ ነበር የሚያደክመው።

ከፋሲካ በኋላ ከነአኩቶ ለአብ በኩል አንድ ሽማግሌ መጡ። ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለውታል። ገብተው ተቀመጡ፤ ጋቢውን ገለጥ አደረጉ እንጂ ጠመንጃውን ከእጃቸው አላወጡም።

«እንደያዝሁት ጠግንልኝ።»

«አይሆንም አባባ። እጄ ከገባ መመዝገብ አለበት፤ ከተመዘገበ ሳጥን ይገባል።»

«እዚሁ እያየሁህ እኮ ነው። አልሄድ።»

«ቢሆንም።»

ሽማግሌው አሰቡ። «እጅህ ካልገባስ?»

ጎረቤቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ቃታውን ይሳቡት አላቸው፤ ሳቡት። እንደገና አላቸው፤ እንደገና ሳቡት። ጆሮውን አዘንብሎ ሰማ።

«አልተሰበረም፤ ዝጎ ነው። ላምባ ያጠጡት፣ ይደር፣ ጠዋት በጨርቅ ይጥረጉት። ካልሆነም ይድገሙት።»

ሽማግሌው መረቁት። ጋቢውን መልሰው ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ታቅፈውት ወጡ። ጎረቤቴ እጆቹን ከጉልበቱ ላይ አላነሣም። በዚያ ሳምንት ፈቃዱን ለወረዳው መለሰ።