አየር ያዡ መስታወት

አገኘሁሽ ሥራ ፈትታ መቀመጥ የማትችል ሴት ናት። በሰፈራው ጊዜ የእናቷን እጅ ይዛ ከወሎ መጣች፤ ያደገችውም የተማረችውም አሶሳ ነው። አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰች ከጎጃም ተመድቦ የመጣውን መምህር ሰራዊትን አገባችና ሐኒን ወለደች።

አሶሳ የክልል ከተማ የሆነችው በዚያው ሰሞን ነው። በየመንገዱ ቢሮ ይገነባል፣ ታፔላ ይሰቀላል፣ መኪናው አቧራውን ያቦነዋል። ሐኒን ሳል የያዛትም ያኔ ነው። ጤና ጣቢያ ሽሮፕ ሰጧት፤ ሻል ይላትና ተመልሶ ይነሳባታል።

«አየሩ አልተስማማትም» አለ ሰራዊት። ከደጋ የመጣ ሰው አሶሳ ላይ ራሱን ሲያመውም፣ ሲቆረጥመውም የሚለው ይህንኑ ነው። «ትምህርት ሲዘጋ ቡሬ ወስጄ ለእናቴ ልስጣት። ስትጠነክር ትመለሳለች።»

አገኘሁሽ ግን አልቅሳ የምትተው አይደለችም።

«የትኛው አየር ነው ያልተስማማት?»

«እንዴት የትኛው? የአሶሳ ነዋ!»

«የደጁ? የማድቤቱ? የመኝታ ቤቱ? ሳላውቅማ ልጄን አልሰጥም!»

«አይታይ፣ አይጨበጥ! በምን ልትለዪው ነው?»

መላው የመጣላት ሐኒን ስታጥብ ነው። ጠዋት ቫዝሊን ተቀብታ ደጅ የዋለች ልጅ፣ ፊቷን በነጭ ጨርቅ ሲጠርጓት ጨርቁ ቡናማ ይሆናል። «የልጄ ፊት ላይ የተለጠፈው አቧራ መስታወት ላይስ እንዳይለጠፍ ምን ይከለክለዋል?» አለች። ከሚገነባው ቢሮ አራት የመስኮት መስታወት ቁርጥራጭ ለምና አመጣች፤ ስለቱን በድንጋይ ሞረደች፤ እድፉ እንዲታይ ጀርባው ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈች። ቫዝሊኑን ለሐኒ ቆጥባ መስታወቱን ቅቤ ቀባችው።

የአሶሳ ፀሐይ ቅቤውን አቀለጠው፤ ጉንዳን ተሰልፎ መጣ። ጎረቤቷ ኢንቲሳር፣ አማርኛን ከቤርታኛ በኋላ የተማረች ሳቂታ ሴት፣ አጥሩን ተደግፋ አየቻት።

«ወላሂ አገኘሁሽ፣ አንተ ለጉንዳን ምግብ ቤት ከፈትክ!»

«አንቺ በይኝ እንጂ፣ ፂም አወጣሁ እንዴ?»

«አንቺም አንተም፣ ጉንዳኑ ጠገበ!»

ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በቅቤው ፋንታ ቫዝሊን ተቀባ።

አንዱን መስታወት ደጅ፣ አንዱን ማድቤት፣ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ከሐኒ አልጋ በላይ ሰቀለች። ከሰነበቱ በኋላ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ሰራዊትም ጎንበስ ብሎ አየ። የደጁ ቡናማ ሆኗል፤ የሳሎኑ ጥቂት ነክቶታል፤ የማድቤቱ ጠቁሯል። የሐኒ አልጋው ግን ከማድቤቱም ብሶ ጥላሸት መስሏል።

«ተቀያይሮብሽ ነው» አላት።

አገኘሁሽ ሄዳ ከሐኒ አልጋ ሥር አመድ የያዘ ገል ጎትታ አወጣች። ወባን ፈርታ፣ ቢንቢ እንዲሸሽ ብላ፣ ሲመሻሽ ኩበትና የኒም ቅጠል በገል አድርጋ አልጋው ሥር የምታጨሰው ማን ሆነና? መስኮቱንስ ጥርቅም አድርጋ የምትዘጋው?

«ሰራዊት፣ ያልተስማማት አየር እኔ ነኝ!»

ሰራዊት አፍጥጦ አያት፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። «ታዲያ ቡሬ የምወስደው አንቺን ነዋ!»

ኢንቲሳር ነገሩን ስትሰማ ግን ራሷን ነቀነቀች። «ጭስ የለም፣ ወባ አለ። ቢንቢ ይበላል።»

እውነቷን ነው። አገኘሁሽ ዞር ዞር አለችና ሣጥኗን ከፈተች። የሠርጓ ቀን የለበሰችው የራስ መሸፈኛ፣ ያ ረጅሙ ነጭ ወንፊት ጨርቅ፣ ታጥፎ ተቀምጧል። ኢንቲሳር ከጓሮዋ ቀርከሃ ቆርጣ አመጣች፤ ጎብጦ አልጋው ላይ ቆመ፤ መሸፈኛው ተዘረጋበት፤ ዙሪያው ፍራሹ ሥር ተወተፈ። መስኮቱ ተከፈተ። ገሉ ወደ ጓሮ ተጣለ።

ሳሉ እየራቀ ሄዶ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ጠፋ። ከአልጋው በላይ የተሰቀለው አዲሱ መስታወትም ወረቀቱን ነጭ አድርጎ ያሳያል። ሰራዊት ለመንገድ ያወረደውን ሻንጣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ መለሰው።

ኢንቲሳር ሐኒን በመሸፈኛው ውስጥ አጮልቃ አየቻትና እልል አለች። «ሙሽራ! ባል የታለ?» ወደ አገኘሁሽም ዞረች፦ «ለእኔም ቤት አየር ያዥ ሥራልኝ። ቅቤ ግን እንዳትቀባ!»