ከሲፈን ጋር እስከ ሻሸመኔ

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ አዳማ

ከአዳማ የተነሳሁት ለሽርሽር አይደለም። የዘጠኝ ዓመቷን ሲፈንን ይዤ ሻሸመኔ የሚገኝ አንድ ቤት ልወስዳት ነው። ቤቱን ያቋቋሙት እንደሷ ዓይነት ልጅ ያላቸው ወላጆች ናቸው። ስለ ቤቱ የነገረኝ ድንች ጭኖ የሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ከሞጆ በሚመጣው መንገድ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ። ሾፌሩ ጎማው እስኪለጠፍለት ድረስ ሲፈንን ሲያያት ቆየና "ኦቲዝም ነው ያለባት፤ የጎረቤቴም ልጅ እንዲሁ ናት" አለኝ።

ቃሉን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ያሳየናት ሐኪም ከዓመታት በፊት ወረቀት ላይ ጽፎ ሰጥቶኛል። ያኔ ማንበብ አልችልም ነበር፤ አጣጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። በአርባ አራት ዓመቴ የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር አውጥቼ አነበብኩት። ምንም አልተለወጠም። ሰው ማንበብ ሲችል ዓይኑ ይበራል ይላሉ፤ ለኔ የበራልኝ ያው የማውቀው ነገር ነው።

ባለቤቴ አስቴር ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች። ደክሟታል። ስንወጣ የሲፈንን ጫማ እያሰረች "እነዚህም ካልተቀበሏት እናቴ ጋ ገጠር ትሄዳለች፤ ከዚህ በላይ አልችልም" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ገጠር ምን እንደሚጠብቃት ሁለታችንም እናውቃለን፤ መስኮት የሌለው ጓዳ፣ ከውጭ የሚቀረቀር በር።

ከመናኸሪያው ቅጥቅጥ አውቶቡስ ያዝን። ለሲፈን የመስኮቱን ወንበር ሰጠኋት። አትናገርም፤ ታንጎራጉራለች። አፏን ሳትከፍት ከጉሮሮዋ የምታወጣው አንድ ወጥ ድምፅ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ድምፅዋን ከሞተሩ ጋር አስተካከለች፤ ሞተሩ ሲወርድ ወረደች፣ ሲወጣ ወጣች። ትንሽ ቆይቶ የቱ የሞተሩ፣ የቱ የሷ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ሞጆ እና መቂ

ሞጆ ላይ የከባድ መኪናው ሰልፍ አያልቅም። ኮንቴይነሮቹ በጠዋት ጭጋግ ውስጥ ተንጠልጥለው የቆሙ ቤቶች ይመስሉ ነበር፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ዝገት። ሲፈን በጣቶቿ መሃል አጮልቃ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጣቷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ብርሃኑን መቆራረጥ ትወዳለች። እኔም ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ ሞከርኩት። እውነቷን ነው፣ ያምራል።

ከጎኔ ቲማቲም ልታስጭን መቂ የምትሄድ ነጋዴ ሴት ተቀምጣለች። ወገቧ ላይ ቦርሳ ያሰረች፣ አፏ የማያርፍ።

"ልጅህ ናት?"

"የእህቴ ልጅ ናት።"

"እናቷ የት ሄደች?"

"አረብ አገር።"

"ውይ። ፀበል ወስዳችኋታል?"

"ሰባት ቦታ። ያተረፈችው ጉንፋን ነው።"

"ጴንጤዎቹ ጋስ?"

"እነሱም ጮኹባት። ጆሮዋን ይዛ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።"

ሴትየዋ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ አሳፈራትና ከቦርሳዋ ከረሜላ አውጥታ ለሲፈን ዘረጋች። ሲፈን የሴትየዋን እጅ በክርኗ ገፋ አድርጋ መስኮቷን ማየት ቀጠለች። "ኩሩ ናት" አለች ሴትየዋ፣ ከረሜላውን ራሷ እየላጠች።

ለነገሩ እህት የለኝም። ከአራት ወንዶች አንዱ ነኝ። ሲፈን መናገር እንደማትችል ካወቅሁ ጀምሮ ለደንበኛ ሁሉ የምመልሰው ይኸው ነው። መጀመሪያ ላይ ምላሴን ይይዘኝ ነበር፤ አሁን እንደ ስሜ ይወጣል።

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ባቱ

ባቱን እኛ ትልልቆቹ አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት። ሾፌሩ ለቁርስ አንድ ሰዓት ሰጠን። ሐይቁ ዳር ወረድን። ዓሣ ጥብስ አዘዝኩ፤ ሲፈን ግን ደረቅ ዳቦ እንጂ ሌላ አትነካም፤ ዳቦውም መሃሉ ከተቆረሰ አትበላውም። ሙሉውን ሰጠኋት።

ዓሣ አጥማጆቹ አጥንትና ሆድ ዕቃ የሚጥሉበት ቦታ ላይ እነዚያ መላጣ፣ አንገተ ረጅም ወፎች፣ አባ ኮዳ የምንላቸው፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመዋል። ቁመታቸው የሲፈንን ያህላል። ዞር ስል ሲፈን አንዱ ፊት ቆማለች። በመሃላቸው አንድ እርምጃ ቢኖር ነው። ሌላ ልጅ ቢሆን ወፉ ይሸሻል፤ ከሷ አልሸሸም። እሷም እንደሱ ትከሻዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ሳትነቃነቅ ቆመች። ከኋላቸው ሐይቁ እንደ ቀለጠ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል፤ ጀልባዎቹ ውሃው ላይ ይሁኑ አየር ላይ አይለይም። ስንት ጊዜ እንደቆዩ አላውቅም። ዓሣዬ ቀዘቀዘ። በዚያ ሰዓት ሲፈን የጎደላት ነገር አልነበረም፤ ከሷ የምፈልገውም ነገር አልነበረም።

ከዚያ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፣ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን፣ እኔም እየጎተትኩ አስገባኋት።

ከባቱ በኋላ ሙቀቱ አስፋልቱ ላይ ውሃ የሚመስል ነገር ያነጥፋል፤ ስትደርስበት የለም። ላንጋኖ በግራ ቡናማ ሆኖ አለፈ። በቀኝ አብያታ ከዳርቻው ሸሽቶ ነጭ ጨው ትቶ ሄዷል። ሲፈን ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታንጎራጉራለች፤ እኔም ሸለብ አደረገኝ። በእንቅልፍና በመንቃት መሃል ሆኜ ግራሮቹ ቆመው የሚሄዱ፣ አውቶቡሱ ደግሞ የቆመ መሰለኝ። ስነቃ አርሲ ነገሌ ደርሰናል፤ የከሰል ጆንያዎች በመንገዱ ዳር ተደርድረው ያዩናል።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ሻሸመኔ

ሻሸመኔ ሁሉም መንገድ የሚገናኝባት፣ ሁሉም የሚጮህባት ከተማ ናት። ባጃጅ ይዤ ቶሎ ከመሃሉ አወጣኋት። ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ የኪራይ ግቢ ነው። በሩን የከፈተችልን ጸጉሯ የሸበተ ሴት፣ ሲስተር ማርታ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። የሲፈንን ጉንጭ አልያዘችም፤ ስምሽ ማን ነው ብላም አልጠየቀቻትም። ሲፈን የምታየውን ግድግዳ ከሷ ጋር አብራ አየች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"የእርስዎ ልጅ ናት?"

"የእህቴ ልጅ ናት።"

"እናቷስ?"

"አረብ አገር።"

"አባቷስ?"

"ሞቷል" አልኩ። በአንድ ቃል ራሴን ቀበርኩ።

"አዝናለሁ ወንድሜ" አለች። "እኛ ልጅ ብቻ አንቀበልም። እዚህ የሚሠራው ወላጁ ነው። አጎት ሁለት ቀን መጥቶ ይጠፋል፤ አይተነዋል። ወይ እናቷ ትምጣ፣ ወይ አሳዳጊ ነው የሚል ወረቀት ከቀበሌ ይምጣ።"

በሩ ተዘጋ። ካሮት የሚጭኑ ሰዎች አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሲፈን ሲደክማት እንደምታደርገው የቀኝ እግሬ ላይ ተቀመጠች። የቀበሌውን ወረቀት አሰብኩት። የሌለች እህቴ ስም ይጻፍበታል፤ ቀጥሎ የሟች አባት ስም። የማነበውም እኔ ነኝ። ከዚያ አስቴርን አሰብኳት፣ የጓዳውንም በር።

ተነስቼ አንኳኳሁ።

"ሲስተር፣ አባቷ አልሞተም።"

"መቼ ተነሳ?" አለች ሳትስቅ።

"አሁን። እኔ ነኝ።"

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ግቡ። እዚህ በር ላይ ያልዋሸ ወላጅ የለም። እኔ ልጄን አሥር ዓመት ሙሉ የሠራተኛዬ ልጅ ናት ስል ነው የኖርኩት። ሠራተኛም አልነበረኝም።"

ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠችኝ። ልትሞላልኝ እስክሪብቶ ስታነሳ ተቀበልኳት። ከልጅቷ ጋር ያለኝን ዝምድና በሚጠይቀው መስመር ላይ "አባት" ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ነው። ላቤ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ።

ዓርብ፣ እዚያው ግቢ

የቤቱ ሕግ ለኔ እብደት ነበር የመሰለኝ። ማንም የራሱን ልጅ አይዝም። ጠዋት ወላጆቹ ልጆቻቸውን ይለዋወጣሉ፤ እስከ ምሳ የሰው ልጅ ይዘህ ትውላለህ። "በራሳችን ልጅ ወይ እናፍራለን ወይ እንቸኩላለን" አለች ሲስተር ማርታ። "በሰው ልጅ ግን እናያለን።"

ሲፈንን የወሰደቻት ዘሃራ ናት፤ ገበያ ውስጥ ልብስ የምትሸጥ፣ ደርባባ ሴት። "አካም ጅርታ፣ የሲፈን አባት" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለችኝና ልጇን ሐያትን ሰጠችኝ። የሲፈን አባት ተብዬ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ዞሬ ሌላ ሰው ፈለግሁ።

ሐያት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ የለስላሳ ቆርኪ በቀለም በቀለም ትደረድራለች። ላግዝ ብዬ አንዱን ቀይ ከአረንጓዴው ጎን አስቀመጥኩ። ፊቴን ሳታይ የእጄን አንጓ ያዘችና በኔው እጅ ቆርኪውን አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። ሲፈንም እንዲህ ታደርገኛለች፤ ውሃ ስትፈልግ እጄን ይዛ ጀሪካኑ ላይ ታስቀምጠዋለች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ ዕቃ ቆጠረችኝ እያልኩ እቆጣ ነበር። ሐያት ስታደርገው ግን አልተቆጣሁም። ለካ እየተናገረችኝ ነው።

ከባሕር ዛፎቹ ሥር ጥላው ይንቀሳቀሳል፤ ልጆቹ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ዓለም፣ ግን በአንድ ግቢ። አንዷ ውሃ ታፈሳለች፣ ሌላዋ ትሽከረከራለች። ማንም ተዉ አይልም። በሕይወቴ እንደዚያ ጸጥ ያለ ጠዋት አላስታውስም።

በምሳ ሰዓት ዘሃራ መጣች።

"ጠዋቱን ሙሉ ስቃለች። ጎረቤት ያለው ብየዳ ቤት ማሽኑን ሲያስነሳ ግን ግድግዳ ውስጥ ልትገባ ምንም አልቀራትም። የት ነው የምትውለው?"

"እኔ ጋ፣ ጎሚስታ ቤት።"

"ኮምፕረሰር አለ?"

"ታዲያ ጎማውን በአፌ ልነፋው?"

"ኧረ ተው፣ ነገረኛ። ከኮምፕረሰሩ ስንት ክንድ ርቃ ነው የምትቀመጠው?"

ሁለት ክንድ ነው። ወደ አስፋልቱ ስለምትሮጥ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በቀደድኩት ላስቲክ ወገቧን ከምሰሶው ጋር አስራታለሁ። ላስቲክ ሥጋ አይቆርጥም ብዬ ነው የመረጥኩት፤ አሳቢ አባት። ኮምፕረሰሩ ሲነሳ ትጮሃለች፤ እኔም እልኸኛ እላታለሁ። ለዘሃራ ይህን ሁሉ ነገርኳት።

ፊቷን ታዞራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላዞረችም። "እኔም አስራት ነበር" አለች። "ከበሩ ጋር። ሱቅ ልከፍት ስሄድ። አላህ ይቅር ይበለን። አሁን ኮምፕረሰሩን ከአጠገቧ አርቀው።"

ማታ ሳይደርስ ሲስተር ማርታ ጠራችኝ። "ሲፈን እዚህ አትማርም።"

"እንዲህ ለማለት ነው ሁለት ቀን ያቆያችሁኝ?"

"ይስሙኝ። ከአዳማ በየቀኑ አያመላልሷትም። ሦስት ቤተሰብ እና አንድ ግቢ ያግኙ። እኔና ዘሃራ መጥተን አንድ ወር እናሠራችኋለን። ይሄም ቤት እንዲሁ ነው የተጀመረው።"

"አዳማ ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ሰው አላውቅም።"

"ጎማ እየለጠፉ ስንት ግቢ ገብተዋል? ያስቡ።"

አሰብኩ። ከቤቴ በሦስተኛው መንገድ አንድ የኮሌጅ መምህር አለ፤ ጴንጤ ነው፣ ሰላምታው ያማረ። ባለፈው ክረምት ግቢው ውስጥ የቆመች መኪናውን ጎማ ልቀይርለት ገብቼ ነበር። ከጓዳው ግድግዳ ጀርባ አፉን ሳይከፍት የሚያንጎራጉር ሰው ሰማሁ። መምህሩ ሮጦ ገባና መዝሙር ከፍ አድርጎ ለቀቀ። እኔም ብሎኖቹን አጥብቄ ወጣሁ። አውቄ ነው የወጣሁት።

ቅዳሜ፣ ወደ ቤት

ስመለስ መንገዱ ያው ነው፤ ሐይቆቹ ብቻ ጎን ቀይረዋል። ባቱ ላይ ዝናብ ያዘን። የመስኮቱ ጠብታ ሲወርድ ሲፈን በጣቷ ተከተለችው፤ እኔም በበኩሌ አንዱን መርጬ ተከተልኩ። ሞጆ እስክንደርስ እንዲሁ ነበርን። ከፊታችን የተቀመጡ አዛውንት ዞረው "የእርስዎ ናት?" አሉኝ። "አዎ፣ ልጄ ናት" አልኳቸው። "እርስዎን ትመስላለች" ብለው መልሰው ተኙ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህን ለመስማት ስንት ዓመት ፈርቻለሁ።

አስቴር በር ላይ ጠበቀችን።

"ተቀበሏት?"

"አልተቀበሏትም። ሦስት ቤተሰብ አግኙና መጥተን እናስጀምራችኋለን አሉ።"

"ከየት ነው የምናገኘው?"

"እፈልጋለሁ።"

"እናቴን ምን ልበላት?" አለች።

"ለጊዜው ትቆይ በያት።"

ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። ልጄን የጎዳት ይዛው የተወለደችው ነገር ብቻ አይደለም፤ እኔም ጎድቻታለሁ፣ እያወቅሁም ሳላውቅም። ሰኞ ኮምፕረሰሩን በረጅም ቱቦ ወደ ጓሮ አዞርኩት፤ በድንጋይና በአሸዋ ጆንያ ጋረድኩት። ለሲፈን ከመንገዱ ራቅ አድርጌ በቆርቆሮ አጠርኩላት። ደንበኞቼ ሞተር ቀበርክ ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እጄን ታጥቤ ሲፈንን ይዤ መምህሩ ግቢ ሄድኩ። አንኳኳሁ።

"ማነው?"

"የሲፈን አባት ነኝ።"

"የማን?"

"ጎሚስታው።"

በሩን በግማሽ ከፈተ። "መኪናዬ ደህና ናት፣ ወንድም።"

"ለመኪና አይደለም። ይቺ ልጄ ናት። ኦቲዝም አለባት። አንተም ቤት እንደሷ ያለ ልጅ አለ።"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ግድግዳህ ስስ ነው።"

ሊዘጋብኝ ነው ብዬ እግሬን አላስገባሁም፤ እንደዚያ የሚደረግ ነገር አይደለም። መምህሩ እኔን ትቶ ሲፈንን አያት። ሲፈን እሱን አላየችውም። አንገቷን አዘንብላ ከውስጥ የሚመጣውን ታዳምጣለች። ያ ድምፅ ነበር፤ ረጅም፣ አንድ ወጥ፣ ከተዘጋ አፍ። ሲፈን ተቀበለችው። የሷ ትንሽ ወፈር ያለ ነው። ሁለቱ ድምፆች ግቢው መሃል ተገናኙ።

"ባለቤቴን ላማክራት" አለ መምህሩ። በሩን ክፍት ትቶ ወደ ውስጥ ገባ።

እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ሲፈን ግን እጄን ለቀቀችና በክፍቱ በር ገባች። አልጠራኋትም። ተከትያት ገባሁ።