ልጄ የጣለቻቸው ሰባት ሰዎች

የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ራፕ ትላለች። ዘፈን እንዳልለው ዜማ የለውም፤ ንግግር እንዳልለው እረፍት የለውም። ስልኳን ከፍታ ከበሮ የመሰለ ነገር ታስጮህና በላዩ ላይ ትፈጥናለች። እሷ ስትል እኔን ትንፋሽ ያጥረኛል።

አንድ ቅዳሜ ልብሷን ላጥብ ስሰበስብ ደብተሯ ወደቀ። የመጀመሪያውን ገጽ አነበብሁ።

ቃሌ ክላሽ ነው፣ ምላሴ ጥይት፣
ሰባት ጥያለሁ ሳይመሽ በፊት።

ሁለተኛውን ገጽ አልገለጥሁም። እዚህ ንፋስ መውጫ ተኩስ ሰምተን በር የዘጋንበት ቀን ገና ሩቅ አይደለም። ትምህርት ቤቱም ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው በቅርቡ ነው። ያን ቃል ከልጄ አፍ መስማት አልፈለግሁም።

«ሰባት ሰው!» አልኋት። «ማንን ማንን ነው?»

«እማ፣ ራፕ እኮ ነው! እንዲህ ነው የሚባለው። ለወላጆች በዓል የማቀርበው ነው።»

«እናት አባታቸው ፊት ልትገድያቸው?»

ሳቀች። ሳቋ አናደደኝና «በእመቤታችን ገዝቼሻለሁ፣ እንዳትዪው!» አልሁ።

እኛ ዘንድ እንዲህ ከተባለ ቀልድ የለም። ግዝት የንስሐ አባት ካልፈታው እንደታሰረ ይኖራል። ልጄም ክላሽ ብትጽፍም እመቤታችንን ትፈራለች። ስልኳን ዘጋች። ቤት ጠረገች፣ ውሃ ቀዳች፣ የጠየቅኋትን በአዎና በአይ መለሰች። በዓሉ እሑድ ነው። የክፍሏ ልጆች በር ላይ እየመጡ «እስካሁን አልተፈታሽም?» ይሏታል፣ እስር ቤት ያለች ይመስል። ዝም እንድትል የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ዝም ስትል ግን ቤቱ ከበደኝ።

ረቡዕ የንስሐ አባቴ ጠበል ሊረጩ መጡ። ታች ጋይንት ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ልጄ ሰው ገድያለሁ ብላ ጽፋለች» አልኋቸው። «ቀኖና ይስጧት።»

«ስንት ገደለች?»

«ሰባት።»

«ደብተሩን አምጪው።»

እሷ በሩ ሥር ቆማለች። አባ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት።

«ቤት ይመታል» አሉ።

«አባቴ!»

«ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሰርግ ላይ ዘራፍ ሲል ስንት ነበር የሚጥለው?»

ባሌ ዱላውን ይዞ ሲዘል ለአንድ ሰርግ ዐሥር ሰው ከነአንበሳው ይጥል ነበር። ቤት ውስጥ ግን ዶሮ ማረድ አይሆንለትም። ለፋሲካ ጎረቤት እጠራለሁ፤ እሱ ጓሮ ሄዶ ይቆያል።

«ስለዚያ አንበሳ አንድም ቀን ቀኖና አልሰጠሁትም» አሉ አባ። «አንቺም አልከሰስሽውም። እንዲያውም እልል ትዪለት ነበር።»

ልጄ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባ ወደ እሷ ዞሩ።

«አንቺ ግን ይህን ክላሽ ቀይሪው። በዚህ ሰሞን እሱን የሰማ ሰው አይስቅም፤ ልጆቹን ይቆጥራል። ወንጭፍ በዪው።»

«አባቴ፣ ወንጭፍ ከቢቱ፣ ከከበሮው ጋር አይሄድም።»

«ዳዊት ጎልያድን በምን ጣለው?»

«በወንጭፍ።»

«ታዲያ ሄዷል።»

ገጹን ገለጡ። እኔ ያላነበብሁት ነው። አሁንም ጮክ ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ግን እየወረደ ሄደ።

ለአባቴ ነፍስ በሬው ተጣለ፣
ሀገሩ ጠግቦ እርሻው ጦም ዋለ።
እናቴ ስታነባ «ጭስ ነው» አሉ፣
«ወጥ ጨምሪልን» እያሉ በሉ።

የባሌ ተዝካር ነው። ያን ጊዜ እሷ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች፤ ሳህን ታመላልስ ነበር። የታረደው ከጥንዱ በሬ አንዱ ነው፤ በአንድ በሬ ደግሞ አይታረስም። በዓመቱ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቼ ወደ ከተማ መጣሁ። ማንም እረጂ ብሎ አላስገደደኝም፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ከጭሱ ጋር ያለቀስሁትን ግን ያወቀብኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

አባ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«እኔም ነበርሁ» አሉ።

«ነበሩ፣ አባቴ።»

«ጨምሪልን ካሉትም አንዱ ነኝ።»

«ሁለት ጊዜ» አልሁ።

ሳቁ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ልጄ ቀረብ አለች። «ይሄኛውን እሰርዘዋለሁ፣ አባቴ። ሰው ይቀየማል። የመጀመሪያው ብቻ ይፈታልኝ።»

አባ እኔን አዩኝ። የገዘትሁት እኔ ነኝ፤ የተጻፈውም የእኔ ነገር ነው። ሰባቱን ገድላ ይህን ብትተወው ለሁላችንም ይቀል ነበር፤ ለጎረቤቶቼ፣ ለማኅበርተኞቼ፣ ለአባም። እሷ ግን በዐሥር ዓመቷ አይታ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ይዛው ኖራለች።

«እንዳትሰርዢው» አልኋት።

አባ መስቀላቸውን አውጥተው ፈቷት። ለእኔ የእመቤታችንን ስም በችኮላ ስለጠራሁ አርባ ስግደት ሰጡኝ። ለራሳቸው ስንት እንዳዘዙ አልነገሩኝም።

እሑድ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ልጄ ወጥታ ሰባቱን በወንጭፍ ጣለቻቸው። ሰው ሳቀ፤ ከኋላ አንድ አባወራ «ዘራፍ!» አለላት። ከበሬው ስትደርስ ሳቁ ቆመ። ወንዶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ከጎኔ የነበረች፣ ባሏን ዘንድሮ የቀበረች ሴት፣ ክንዴን ያዘችኝ። አባ ከፊት ወንበር ቀና ብለው እስከ መጨረሻው አዳመጡ። ሲያልቅ «እግዚአብሔር ይስጥሽ» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ሌላው ያጨበጨበው።

ስንወጣ አንዲት ማኅበርተኛዬ አቆመችኝ። «ከእንግዲህማ አንቺ ቤት ወጥ ጨምሪልኝ የሚል የለም!»

«ተመስገን» አልኋት። «ለእኔ ይተርፈኛል።»

ባጃጅ ቆሞ ነበር፤ በእግራችን ሄድን። ልጄ ጥቂት ከተራመደች በኋላ ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ተቀየምሽኝ?»

«ፈጠንሽብኝ። ግማሹ አመለጠኝ። እስኪ ቀስ ብለሽ በዪልኝ።»

«ቀስ ከተባለ ራፕ አይሆንም።»

«አይሁን።»

ከበሮ የለ፣ ድምፅ ማጉያ የለ፤ አንድ አንዱን ቃል እየለየች፣ ከእርምጃዬ ጋር አለችልኝ።