ውሻዬን ያኮላሸሁበት ሳምንት

መተማን ተሻግሬ ገዳሪፍ ከተቀመጥሁ ወዲህ ስለ ጀግንነቴ ብዙ ዋሽቻለሁ። የባሰው ግን ወይፈን ማኮላሸት እችላለሁ ያልሁት ነው። ሥራዬ ትራክተር መጠገን ነው። አባቴ ወይፈን ሲያኮላሽ ዓይኔን ጨፍኜ ገመድ ይዤለት አውቃለሁ፤ ያ ብቻ ነው።

ቀዩን ውሻችንን ፋሽጋ ለሥራ ሄጄ ቡችላ ሳለ ነው ያመጣሁት። ሁለት ዓመት ሲሞላው ቤት መዋል ተወ። የሴት ውሻ ሽታ ከመጣለት አጥር ዘሎ ይጠፋል፤ በሦስተኛው ቀን ጆሮው ተቀዶ፣ እያነከሰ ይመለሳል። አንድ ጧት ጎረቤታችን ሱዳናዊቷ ሃጃ አራት ቀያይ ቡችሎች በዘንቢል ይዘው መጡ።

«የልጅ ልጆችህን ተረከብ» አሉኝ።

ቡችሎቹን እናታቸው ዘንድ መልሰን፣ ጡት ሲጥሉ ለእርሻ ጠባቂዎች አከፋፈልናቸው። ያን ቀን ግን ባለቤቴ «በቃ፣ ይኮላሽ» አለች።

እኔ እንደ ስድብ ቆጠርሁት። «ወንድ እኮ ነው! ክብሩ ይነካል!»

«እኔ የማወራው ስለ ውሻው ነው፤ አንተን ማን አነሳህ?» አለችኝ። «ሲዞር እብድ ውሻ ቢነክሰውስ? ልጆቹ አብረውት ነው የሚተኙት።»

እኔ ግን ፎከርሁ፤ «ሐኪም ምን ያደርጋል? እኔው እጨርሰዋለሁ።»

ቢላ አቀበለችኝ። ግቢ ወጥቼ ውሻው አጠገብ ተቀመጥሁ። እጄን ላሰኝ። ትንሽ ቆይቼ ተመለስሁና «ያለ ማደንዘዣ ግፍ ነው፤ ቁስሉም ያመረቅዛል» አልሁ። እውነት ነበር፤ ምክንያቴ ግን እሱ አልነበረም።

የእንስሳት ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። በቀጠሯችን ቀን መጀመሪያ የጠየቀችን «ከማታ ጀምሮ ምግብ አልቀመሰም?» ብላ ነው።

«ኧረ ምንም!» አለች ባለቤቴ።

እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ ተናዘዝሁ። ጧት አንጀቴን በልቶኝ በድብቅ ጉበት አብልቼው ነበር።

ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠችው። «ደንዝዞ ሳለ ካስታወከ ወደ ሳንባው ይገባል። ልትገድለው ነው እንዴ? ነገ ጦሙን አምጡት።»

በማግሥቱ ጥፋቴን ልክስ ብዬ «እኔ እይዘዋለሁ» አልሁ። መርፌውን ተወጋ፤ ውሻው እግሩ ተልፈስፍሶ ተኛ። ሐኪሟ ጠጉሩን ላጨች፣ ቆዳውን በመድኃኒት አጠበች። ከዚያ ትንሿን ምላጭ አነሳች። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው።

ስነቃ ባለቤቴ በነጠላዋ ታራግበኛለች። ሥራው አልቋል። ሐኪሟ «ሁለቱም ደህና ናቸው» አለቻት። ግንባሬ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፎ ኖሮ በውሻ ፋሻ አሽጋልኛለች። ለውሻው የእብድ ውሻ ክትባትም ሰጥታዋለች።

እዚህ ረክሻ በሚሏት ባጃጅ ስንመለስ ሾፌሩ በመስታወት አየንና «ማንን ነው ያሳከማችሁት?» አለ። ባለቤቴ ሁለታችንንም አሳየችው።

ስፌቱን እንዳይልስ ለዐሥር ቀን አንገቱ ላይ የሚታሰር ነገር ያስፈልግ ነበር። በመካኒክነቴ ኮርቼ የፕላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጬ ሠራሁለት። መጀመሪያ አሳንሼ ስለቆረጥሁት ጭንቅላቱ አልገባም አለ፤ አዲስ ባልዲ ተገዛ። ስፌቱ በወጣ ማግሥት ደግሞ አጥር ዘሎ ሄደ። በንዴት ሐኪሟ ዘንድ ሮጥሁ።

«ጠባዩ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ሳምንታት ይፈጃል። ለጊዜው ሊያስረግዝም ይችላል» አለችኝ።

«ማን? እኔ?»

«ውሻህ» አለች ሳትስቅ።

ወር ከምናምን አለፈና መዞሩን ተወ። አሁን በር ላይ ተጋድሞ ይውላል፤ የማያውቀው ሰው ሲመጣ እንደ ድሮው ይጮኻል። አዲስ ቁስል አላየሁበትም። ትንሽ ስለወፈረ ግን ሐኪሟ ምግቡን ቀንሱለት አለች። ባለቤቴም የሁለታችንን ቀነሰች።