ሳሊም ክፍላችን የገባ ዕለት

ትናንት ሣጥን ሳራግፍ የአሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሬን አገኘሁት። ገጾቹ የባሕር እርጥበት ጠጥተው ተጣብቀዋል። አንዱን ቀስ ብዬ ሳላቅቅ ወንድሜ ሳሊም ከነድምፁ መጣብኝ።

ወደብ ከተማችን ኤደን ውስጥ በእስልምና ትምህርት ቤት የተማራችሁ ታስታውሳላችሁ። ባዮሎጂም በቢስሚላህ ነበር የሚጀመረው። ኡስታዛችን ለትምህርት የተቀደደ ነገር እንዲባክን አይወድም፤ ዓሣ ከሆነ ከትምህርቱ በኋላ ተጠብሶ ይበላል። አንድ ሳምንት ዓሣ የማምጣቱ ተራ የእኔ ሆነ።

ሳሊም በአምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ሲሞት ትምህርቱን ትቶ ፉቁም በምትባል የባሕር ዳር መንደር ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ነበር። ራሴ አመጣለሁ አለ። አመጣውም፤ በባልዲ፣ በባሕር ውኃ፣ ከነሕይወቱ። ለትምህርት ቤት የሞተ ዓሣ ማቅረብ ለሱ ነውር ነው። በሩ ላይ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ መስጊድ እንደሚገባ። ልጆቹ ሳቁ። አጠገቤ ያለው፣ «ወንድምህ ሊሰግድ ነው ወይስ ሊሸጥልን?» አለኝ። እኔም፣ አላህ ይማረኝ፣ የማላውቀው መስዬ አንገቴን ደፋሁ።

ኡስታዙ ባልዲውን አይቶ ቢላውን አስቀመጠ። ነፍስ ያለው አይቀደድም፣ ለዕውቀት ብለን እንኳ ማሰቃየት አልተፈቀደልንም አለን። የሳሊም ፊት ጠቆረ። ባልዲውን አንስቶ ሊወጣ ሲል ኡስታዙ ክንዱን ያዘው። ሳያሰቃዩ መግደል ከዚህ ክፍል አንተ ብቻ ነህ የምትችለው አለው። ሳሊም ቢስሚላህ ብሎ የዓሣውን ጭንቅላት አንዴ መታው። ዓሣው ጸጥ አለ። ኡስታዙም መቀሱን ለሱ ሰጠው።

ሳሊም የዓሣውን የጉንጭ ክዳን ገለጠ። ከሥሩ ቀይ ነገር፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተደርድሮ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። የዓሣው ደም ከውኃ ውስጥ አየር የሚወስደው በዚህ ነው አለ ኡስታዙ። የሳሊም እጅ እዚያው ቀረ።

«ሱብሓነላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ኡስታዝ፣ ስንት ዓመት ይህን እየቦጨቅኩ ለድመት ስጥል ኖርኩ። አንድም ቀን አላየሁትም።»

ማንም አልሳቀም። እኔ ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

ከዚያ ወዲህ ከባሕር ሲመለስ ዛሬ ምን ተማራችሁ ይለኝ ነበር። ስለ ልብ፣ ስለ ዓይን፣ ስለ ቅጠል እነግረዋለሁ፤ አፉን ከፍቶ ይሰማኛል። አንዳንዴ ደክሞኝ ነገ እለው ነበር። አምና ራስ ኢምራን በሚባለው የባሕር ዳር አካባቢ ባሕሩ ወሰደው። ጀልባው ብቻ ተመለሰ።

የዛሬ ልጆች የዓሣን ውስጥ በስልክ ያያሉ፣ ከኛ በተሻለ። ደስ ይለኛል። እኔም ሁጀይፍ ወደብ ስሠራ ውዬ አንድ የሚያስገርም ነገር ሳላይ የምመለስበት ቀን የለም። ቤት ስገባ ግን የሚጠይቀኝ የለም።