በትር የያዘ ሰው አይፈተሽም

ቤላርሚና ያታኩዌን አንድ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቷት ከረመ፤ ገዳይ የጠባቂ በትር ይዞ ቢመጣ በምን ይታወቃል?

ጥያቄው ከሰማይ አልወረደም። አምና የመንደሩ አስተዳዳሪ ጉባኤ መሀል ተተኩሶበት ሲሞት፣ በር ትጠብቅ የነበረችውና ገዳዩን ያሳለፈችው እሷ ነበረች። በካውካ ተራሮች የሚኖረው የናሳ ሕዝብ ጠባቂዎች ጠመንጃ አይዙም፤ መታወቂያቸውም መከታቸውም ባለሪባን በትር ነው። የመጪውን ሁሉ ቦርሳ ይፈትሻሉ፤ በትር የያዘን ሰው መፈተሽ ግን ነውር ነው። ሰውየው በትር ይዞ መጣ፤ እሷም «እንደምን አደርክ፣ ወንድሜ» ብላ አሳለፈችው።

ከዚያ ወዲህ የሰው ፊት ማየት ትታ በትር ማጥናት ያዘች። ስንቱን እንዳገላበጠች እንጃ፤ ያገኘችው ነገር ግን ያስደንቃል። በትሩ የሚጠረበው ከጥቁር ዘንባባ ነው። ባለቤቱ ለዓመታት ሲጨብጠው፣ መዳፉ የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ተወልውሎ ያበራል። አጭር ሰው ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ረጅም ሰው ከፍ አድርጎ። እንግዲያው የተሰረቀ በትር የሚያበራው የሌባው እጅ ያለበት ሳይሆን የባለቤቱ እጅ የነበረበት ነው!

እሑድ ረፋድ ላይ አዲሷ አስተዳዳሪ ኦፌሊያ ኢፒያ ከትልቁ ድስት አጠገብ ቆማ ሜዳው ላይ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሾርባ ታድላለች። አንድ ረጅም ሰው ሕዝቡን እየሰነጠቀ ወደ እሷ ይጠጋል። ቀኝ እጁ ካባው ውስጥ ነው፤ በግራው በትር ይዟል። እንጨቱ የሚያበራው እጁ ከጨበጠበት ቦታ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ነው።

ቤላርሚና አየችው። ብትጮህ ይተኩሳል። ሄዳ መንገዱ ላይ ተገተረች።

«ወንድሜ፣ ከየት ነህ?»

«ከታች።»

«ከታችማ ሁላችንም ነን፣ ላይ ያለው እግዜር ብቻ ነው!» አለች ጮክ ብላ። ሰው ሳቀ፣ ዞር ብሎም አየ። የፈለገችውም ይህንኑ ነበር። «ፍሎሬስሚሮ! ለእንግዳው ሾርባ አምጣለት። ትኩስ ነው ወንድሜ፣ በሁለት እጅህ ተቀበል።»

የጠባቂዎቹ አለቃ ፍሎሬስሚሮ ሳህኑን ዘረጋ። የእንግዳው ቀኝ እጅ ከካባው አልወጣም። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ። አሥር በትር ከበበው፣ ከዚያ ሃምሳ። ማንም አልመታውም፤ ዙሪያው ብቻ እየጠበበ መጣ። ቤላርሚና በካባው ላይ ክርኑን ጨምድዳ ይዛ አልለቅ አለች። በመጨረሻ ሽጉጡ ሣሩ ላይ ወደቀ።

ኦፌሊያ ተረፈች። በትር የያዘን መፈተሽ ግን ዛሬም ነውር ነው፤ ሌላው ገዳይ የራሱን በትር ጠርቦ፣ ወልውሎ ይመጣ ይሆናል።

ዛሬ ጉባኤ አለ። ቤላርሚና በሩ ላይ ቆማ የራሷን በትር ለፍሎሬስሚሮ ዘርግታለች።

«ያዝና ፈትሸኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

«እኔን ይበል። ቦርሳዬንም እይ፣ ካባዬንም ግለጥ።»

እሱ አንገቱን ደፍቷል። ከኋላዋ አርባ ጠባቂዎች በትራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። እሷ ግን የዘረጋችውን በትር አላወረደችም።