ከቡሬ ሆኜ ያየሁት የራሳችን ሲግናል

ሰው በይሉኝታ ዝም ብሎ የቻለልዎትን ጥፋት በገዛ ዓይንዎ አይተው ያውቃሉ? እኔ ባለፈው ክረምት አይቻለሁ።

ፍኖተ ሰላም በማስተምርበት ትምህርት ቤት በትርፍ ጊዜ በአየር ሞገድ ከሩቅ ሰው ጋር የምንጻጻፍበት የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለን። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩ የጻፍነውን ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ ሬዲዮው ድምፁን በአየር ይልካል፤ የሩቁ ሰው ኮምፒውተር መልሶ ጽሑፍ ያደርገዋል። እኔ ግን ድምፁን ያስተካከልኩት እንደ ሠርግ ቤት ሞንታርቦ ነበር። በእኛ አገር ቁልፉ እስከ ጥግ ካልዞረ ሠርግ አይመስልም።

ፊዚክስ ያስተማሩኝ ጋሼ ጡረታ ወጥተው ቡሬ ይኖራሉ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በሶላር በምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ፣ ባሕር ማዶ ካለ ሕመምተኛ ወዳጃቸው ጋር ይጻጻፉ ነበር። ከሬዲዮ ሌላ መገናኛ የላቸውም።

አንድ እሑድ ክበቡን ለተማሪዎቼ ትቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሬዲዮዋ ጨርቅ ለብሳለች። ምነው ብላቸው፣ ወዳጃቸው ድምፁ ከጠፋ እንደሰነበተና ሳያርፍ እንዳልቀረ ነገሩኝ። ላጽናናቸው ብዬ እስቲ እንክፈታት አልኩ።

እያንዳንዱ ጣቢያ ከሬዲዮዋ ጋር በተያያዘው ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አንድ ቀጭን መስመር ሆኖ መታየት አለበት። እኛ ያየነው ግን አንድ ወፍራም መስመር ነው፤ ግራና ቀኙን ግልባጮቹ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው ስክሪኑን ሞልተውታል። ማን ነው ይሄ ባለጌ ልል አፌን ስከፍት የጣቢያው መለያ የሆነውን የጥሪ ምልክት አነበብኩት። የእኛ ክበብ ነው።

«ያውቁ ነበር ጋሼ?»

«ልጆቹ ጀማሪዎች ናቸው፣ መምህር። ደስታቸውን ልቀማቸው?»

«ወዳጅዎስ?»

«አንድ ቀን ይሰለቻቸዋል ብዬ ነበር። አንተ እንደሆንክ ተማሪም ሆነህ አይሰለችህም።»

ወዲያው ክበቡ ውስጥ ላለ አንድ ተማሪዬ ደወልኩ። ሬዲዮው ላይ ከመጠን ያለፈ ድምፅ ሲገባ የሚነሳ መርፌ አለ፤ እሱ ከዜሮ እስከማይነቃነቅ ድረስ የኮምፒውተሩን ድምፅ ቀንስ አልኩት። ሲቀንስ አጥሩ ከዳር ጀምሮ እየሳሳ ጠፋ። የእኛም መስመር ቀጠነ። ባዶ በቀረው ቦታ ላይ አንዲት ደብዛዛ መስመር ታየች። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ተጠጉ።

ወዳጃቸው ነው። በየሳምንቱ ሲጣራ ከርሟል። «የሞትክ መስሎኝ ነበር» ይላል።

ጋሼ ጥቂት አሰቡና በአንድ ጣታቸው እየለቀሙ ጻፉ፦ «ክረምት ነው። መብረቁ በዝቶብን ነው።»

አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። የእኔ ጥፋት በመብረቅ ሲሳበብ እያየሁ እርማት የሚሆን አንድ ቃል አላወጣሁም። እስከዛሬ ይከነክነኛል።

እርስዎም ሬዲዮ ካለዎት መርፌውን ብቻ አይመኑ። አንድ ሰው በእርስዎ መሣሪያ እንዲልክ ያድርጉና እርስዎ ጎረቤት ካለ አማተር ቤት ሆነው ስክሪኑን ይመልከቱ። እባክዎ ይሞክሩት፤ ጎረቤትዎ እስኪነግርዎ አይጠብቁ።